ያልጋለ ምጣድና ያልተመረመረ ምክንያት

ከአባቶቻችን ምሳሌያዊ ንግግሮች አንዱ «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» የሚለው ነው። አይጥ ምጣድ ላይ ተቀምጣ ስትገኝ ዱላ ማንሣት ቀላል ነው፤ ዱላው ግን አይጧን ቢስት ምጣዱን አይስትም። ስለዚህ ብልኅ ሰው ንዴቱን ውጦ፣ ዱላውን መልሶ፣ የሚጎዳውንና የሚጠቅመውን አስቀድሞ ያመዛዝናል። ይህ ምክር የተነገረው ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ይቀመጥ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት ጉልቻው ቀርቶ ምጣዱ የሚግለው በኤሌክትሪክ ነው። ምክሩ ግን አላረጀም፤ እንዲያውም ነገሩ ከሸክላ መሰበር አልፎ የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት ሊደርስ ስለሚችል፣ ከፊተኛው ዘመን ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ አልግል ሲል በየቤቱ የሚደረገውን እንመልከት። አንዱ ምጣዱን በእጁ መታ መታ ያደርጋል። ሁለተኛው ሶኬቱን ነቅሎ ይሰካል፤ እንደ ገናም ነቅሎ ይሰካል። ሦስተኛው «ሠራተኛዪቱ ውሃ አፍስሳበት ነው» ብሎ ይቈጣል። አራተኛው ከሥሩ የተበጠሰውን ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዞ ያያይዝና «ይኸው፣ ሠራ!» ይላል። አምስተኛው ከናካቴው አውጥቶ ይጥልና አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም በዚያው ሶኬት ላይ ሲሰካ እንደ አሮጌው ሳይግል ይቀራል። እነዚህ አምስት ሰዎች በጠባይ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ምክንያቱን ከማወቃቸው በፊት መፍትሔ መፈለጋቸው ነው።

እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን የምንለው፣ ያልጋለ ምጣድ በቅደም ተከተል ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ነው፤ ይህንም ምርመራ ለማድረግ ከሁሉ ይልቅ የሚገባው በትምህርት ቤት ስለ ኤሌክትሪክ የተማረው ወጣት ነው የሚል ነው። በክፍል ውስጥ ቀመሩን በቃሉ የሚደግም፣ በፈተናም ከፍ ያለ ነጥብ የሚያገኝ ተማሪ፣ ወደ ቤቱ ሲገባ እናቱ ወይም እኅቱ ኮረንቲ በሚነዝራት ምጣድ ላይ ስትጋግር እያየ ዝም ቢል፣ ትምህርቱ ከደብተሩ አልወጣም ማለት ነው።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ካለ የአገራችንን የኤሌክትሪክ ታሪክ ያስታውስ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ የኀይል ማመንጫ የተሠራው ለ43 ሺህ ኪሎ ዋት ያህል ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ግን 5 ሚሊዮን 150 ሺህ ኪሎ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ስለ ሆነ፣ የቆቃን 120 እጥፍ ያህል ነው። ይህ ሁሉ ኀይል ተራራና ሜዳ አቋርጦ ከመጣ በኋላ የመጨረሻው ጉዞው ከግድግዳው ሶኬት እስከ ሸክላው ድረስ ያለው የሁለት ሜትር መንገድ ነው። በዚህች ሁለት ሜትር ላይ የላላ ብሎን ካለ፣ ከዓባይ የመጣው ኀይል በከፊል ሶኬት ማቅለጫ ሆኖ ይቀራል። ታላቁን ሥራ መንግሥትና ሕዝብ በኅብረት ሠርተዋል፤ ትንሿ ሥራ የቀረችው ለባለቤቱ ነው።

ምርመራ ለማድረግ አስቀድሞ የዕቃውን አሠራር ማወቅ ይገባል። በየገበያው የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ሸክላ ነው። ከሸክላው በታች እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠማዘዘ ቦይ ተበጅቶለታል፤ በቦዩም ውስጥ እንደ ጸጉር ቁጥርጥር ያለ ሽቦ ይተኛል። ሽቦው እንዳይወድቅ በጀሶ ይያዛል፤ ከዚያም በታች ሙቀቱ ወደ ምድር እንዳይፈስ የሚከለክል ነገር ይደረግና ሁሉም በቆርቆሮ ገበቴ ውስጥ ይቀመጣል። ከላይ አክንባሎው ይከደናል። እንግዲህ የምጣዱ ሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው ሙቀት መፍጠር፣ ሁለተኛው የተፈጠረውን ሙቀት ወደ ላይ ወደ ሊጡ ማድረስ ነው። ምጣድ አልግል ሲል ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም ተሰናክለዋል።

ያ ሽቦ ተራ ሽቦ አይደለም። ኒክሮም ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶው 80 እጅ ኒኬል፣ 20 እጅ ክሮም የተደባለቀበት ነው። አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ለዚህ ዓይነቱ ቅልቅል የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ከዚያ በፊት ተራ ብረት ቀይ እስኪሆን ሲግል አየር እየበላው ቶሎ ይበጠስ ነበር። ኒክሮም ግን ሲግል ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያበጅና ያ ሽፋን ራሱን እንዳይቃጠል ይጠብቀዋል። ከዚህም በቀር ኮረንቲን የመቃወም ጠባዩ ከመዳብ እጅግ የበለጠ ነው፤ ሙቀቱም የሚመጣው ከዚሁ ተቃውሞ ነው። ስለዚህ በኒክሮም ሽቦ መካከል ሌላ ሽቦ ቀጥሎ ማሠራት ምን ያህል ስሕተት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ጥቂት ቍጥር እንናገር። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። ዋቱን በቮልቱ ብናካፍለው በሽቦው የሚያልፈው ኮረንቲ ወደ 16 አምፔር ይሆናል፤ ቮልቱን ደግሞ በአምፔሩ ብናካፍለው የሽቦው ተቃውሞ ወደ 14 ኦም ይደርሳል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827፣ እንግሊዛዊው ጁል በ1841 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፏቸው ሕጎች እነዚህ ናቸው። ይህም ማለት አንድ ምጣድ ባለ 10 ዋት አምፑሎችን 350 ያህል የሚያበራ ኀይል በአንድ ሶኬት በኩል ይስባል። ብዙው የቤት ሶኬት ደግሞ የተሠራው ለ16 አምፔር ነው፤ ለ10 አምፔር ብቻ የተሠራም አለ። ስለዚህ ምጣድ የሚሰካበት ሶኬት ሁልጊዜ በችሎታው ጫፍ ላይ የሚሠራ ሸክመኛ መሆኑን አንርሳ።

የምርመራው መጀመሪያ ካቻቢቴ ማንሣት አይደለም፤ መጠየቅ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ ቢላ አያነሣም። ምጣዱን ከሁሉ ይልቅ የምታውቀው በየሳምንቱ ፊት ለፊቱ የምትቀመጠው ጋጋሪዪቱ ናት። እርሷም እናት ትሁን እኅት ወይም የቤት ሠራተኛ፣ በአክብሮት ልትጠየቅ ይገባል። «ፈጽሞ አልግል አለ ወይስ ዘግይቶ ይግላል? በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚግለው? ከመቼ ጀምሮ? ማለዳ ወይስ ማታ ይብሳል? የተቃጠለ ሽታ አለው? ነዝሮሽ ያውቃል?» እነዚህ ጥያቄዎች በአምስት ደቂቃ የሚሰጡት ዕውቀት፣ አንድ ባለሙያ ዕቃውን ፈትቶ በአንድ ሰዓት ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለው፣ ጋጋሪዪቱ ቍጣን ፈርታ የምትደብቀው ነገር ካለ ጥፋቱ የጠያቂው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በእውነት ጥፋተኛው ምጣዱ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። እንጀራው ዓይን ባያወጣ፣ ወይም ከምጣዱ አልላቀቅ ቢል ሁልጊዜ ሙቀት ጐድሎ ነው ማለት አይደለም። ሊጡ በደንብ ሳይቦካ፣ አብሲቱ ሳይስተካከል፣ ምጣዱ በቅጡ ሳይሟሽ ወይም ሳይታሰስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ምጣዱ በተለመደው ጊዜ ጋለ ወይስ አልጋለም የሚለውን ሰዓት ይዞ መመልከት ይበቃል። ሁልጊዜ በሩብ ሰዓት ወይም በ20 ደቂቃ ይደርስ የነበረ ምጣድ ዛሬም በዚያው ጊዜ ከደረሰ፣ ፊታችንን ከሽቦው ወደ ሊጡ እንመልስ። ብዙ ደኅና ምጣድ በሊጥ ጥፋት ተፈትቷል።

ጥፋቱ የምጣዱ ሆኖ ከተገኘ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ፈጽሞ አለመጋል፣ ሁለተኛው ዘግይቶና ደክሞ መጋል፣ ሦስተኛው በአንድ ወገን ብቻ መጋል ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ምክንያት ስላለው አደባልቆ መመርመር ድካም ብቻ ያተርፋል።

ፈጽሞ የማይግል ከሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ እንሂድ። በመጀመሪያ መብራት መኖሩን፣ ቀጥሎም የምጣዱ መስመር ብሬከር ወይም ባልቦላ አለመውደቁን እንይ። ብሬከሩ ከነኩት ወዲያው የሚወድቅ ከሆነ አንድ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ወይም ሽቦ ከቆርቆሮው ተነካክቷል፤ ከብዙ ደቂቃ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ ግን መስመሩ ከዐቅሙ በላይ ተሸክሟል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትልቅ ጥፋት ይሠራል፤ ይኸውም በተቃጠለው ባልቦላ ፋንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስሮ «አሁን አይቃጠልም» ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፣ ባልቦላው አይቃጠልም፤ በእርሱ ፋንታ የሚቃጠለው ቤቱ ነው። ባልቦላ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛ ጮኸ ብሎ አፉን የሚያስር ሰው ሌባውን አልያዘም።

ብሬከሩ ደኅና ከሆነ በሶኬቱ ላይ ሌላ የሚሠራ ዕቃ፣ ለምሳሌ የጠረጴዛ መብራት ሰክተን እንሞክር። መብራቱ ካልበራ ምጣዱ ነፃ ነው፤ ጥፋቱ የሶኬቱ ወይም የመስመሩ ነው። መብራቱ ከበራ ደግሞ ወደ ምጣዱ ገመድ እንመለስ። የተሰኪው እግሮች ጠቍረው፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወይም ቡናማ ሆኖ ከታየ፣ ግንኙነቱ ላልቶ ሲግል ኖሯል ማለት ነው። ገመዱ በተሰኪው አንገት ላይና ወደ ምጣዱ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ብዙ ጊዜ ይበጠሳል፤ የሚታጠፈው እዚያ ስለ ሆነ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ምጣዱን ለመገልበጥም ሆነ ለመክፈት ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ተሰኪውን ከግድግዳው መንቀል ያስፈልጋል። ምክንያቱም አንዳንድ ማጥፊያ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ብቻ ነው የሚቈርጠው። በአገራችን የተለመደው ባለ ሁለት ክብ እግር ተሰኪ ደግሞ በፈለጉት ወገን ተገልብጦ ሊሰካ ይችላል። ስለዚህ ማጥፊያው የቈረጠው ባዶውን ሽቦ፣ ኮረንቲ ያለው ሽቦ ደግሞ ሳይቈረጥ ምጣዱ ውስጥ ያለ ሊሆን ይችላል። ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ ጨለማ መስሎ፣ ሰው ግን ሊገድል ይችላል ማለት ነው።

ከተነቀለና ከቀዘቀዘ በኋላ የኦም መለኪያ ያለው ሰው በተሰኪው ሁለት እግሮች መካከል ይለካ፤ ማጥፊያም ካለው ወደ ማብሪያው ያድርገው። ወደ 14 ኦም የሚጠጋ ቍጥር ከታየ ሽቦው ደኅና ነው። መለኪያው ምንም ግንኙነት የለም ካለ አንድ ቦታ ተበጥሷል። ቍጥሩ ከሚገባው እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ የሽቦው ቍጥርጥሮች እርስ በርሳቸው ተነካክተው ኮረንቲው በአቋራጭ እየሄደ ነው። እንዲህ ያለው መለኪያ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ይገኛል፤ አንድ ተማሪ አንዱን ገዝቶ ለሰፈሩ ሁሉ ቢያገለግልበት ከብዙ ጌጥ ይልቅ ያስከብረዋል።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለት ዘግይቶና ደክሞ የሚግለው ምጣድ፣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የቮልት መውረድ ነው። ሙቀት የሚለካው በቮልቱ ልክ አይደለም፤ በቮልቱ ካሬ ነው። 220 የነበረው ቮልት ወደ 180 ቢወርድ ቮልቱ የቀነሰው ከመቶው 18 እጅ ብቻ ነው፤ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ ግን ወደ 2,340 ዋት ይወርዳል። ይኸውም ከሙቀቱ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ሲሶው በጠፋ ሙቀት ላይ ሊጥ ሲፈስ ሸክላው ወዲያው ይበርዳል፤ ዓይኑ አይወጣም፤ ጋጋሪዪቱም ለሚቀጥለው እንጀራ ረጅም ጊዜ ትጠብቃለች። ምጣዱ ደክሟል ተብሎም ቆጣሪው አያርፍም፤ ሥራው በዘገየ ቍጥር ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት ስለሚበዛ፣ ለአንድ ሌማት እንጀራ የሚከፈለው ዋጋ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም።

ምጣዱ ማታ ሰው ሁሉ በሚያበስልበት ሰዓት ደክሞ፣ ሌሊት ወይም ረፋድ ላይ ብርቱ የሚሆን ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔውም ምጣዱን መፍታት ሳይሆን የመጋገሪያውን ሰዓት መለወጥ ነው። ቮልቱ ዘወትር የወረደ ከሆነ ደግሞ የሰፈሩ ሰዎች ተባብረው፣ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል ቮልት እንዳለ በወረቀት መዝግበው ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ቢያመለክቱ፣ «መብራታችሁ ደካማ ነው» ብሎ ከመጮኽ ይሻላል። ቀንና ቍጥር ያለበት ማመልከቻ ላይ ባለሙያው ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ማራዘሚያ ገመድ ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ገመድ ብንወስድ፣ ኮረንቲው ሄዶ የሚመለስ ስለ ሆነ መንገዱ 20 ሜትር ነው። በዚህ ገመድ 16 አምፔር ሲያልፍ 88 ዋት ያህል በገመዱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ገመዱ ተጠቅልሎ ወይም ምንጣፍ ሥር ገብቶ ከሆነ ይህ ሙቀት መውጫ ያጣል፤ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ለምጣድ የሚሆነው ገመድ ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ መንገዱ ረዘም ያለ እንደ ሆነ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሊሆን ይገባል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ያለ ማራዘሚያ ለራሱ በተዘረጋ መስመር መሥራት ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ የላላ ብሎን ነው። በሶኬቱ ወይም በምጣዱ መያዣ ላይ ያለው ብሎን ላልቶ ግማሽ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጠር፣ በዚያች የጥፍር ስፋት በምታህል ቦታ ከ100 ዋት በላይ ሙቀት ይፈላል። ይህ ሙቀት ለእንጀራ አይደርስም፤ ሶኬት ያቀልጣል፣ ግድግዳ ያጠቍራል፣ አንዳንዴም ቤት ያቃጥላል። ስለዚህ ምጣዱ ሲሠራ ሶኬቱ አካባቢ ሽታ ወይም ጢስ ከተሰማ፣ ወይም ከተነቀለ በኋላ ተሰኪው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ እስኪታደስ ድረስ መጋገር ማቆም እንጂ «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» ማለት አይገባም።

በአንድ ግቢ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ቤት ብዙ ነው። በእንዲህ ያለው ግቢ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲሰካ 32 አምፔር በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ይጫናል፤ የሁለቱም ቮልት ይወርዳል፣ የሁለቱም እንጀራ ይበላሻል፣ ከዚያም በጎረቤት መካከል ጠብ ይነሣል። ተራ አውጥቶ መጋገር ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ይህን ስሌት ለጎረቤቶቹ በጸጥታ አስረድቶ የመጋገሪያ ተራ የሚያወጣ ወጣት፣ ጠብን በዕውቀት አበረደ ይባላል።

ሙቀቱ በሚገባ ተፈጥሮም ወደ ሊጡ ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከሥር ያለው መከላከያ ፈርሶ እንደ ሆነ ሙቀቱ ወደ ታች ይፈሳል፤ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ከቀድሞ ይልቅ ሲሞቅ ምልክቱ ይህ ነው። ጀሶው ተሰንጥቆ ሽቦው ከሸክላው ሲርቅም እንዲሁ ነው። አክንባሎው በደንብ ካልገጠመ ሙቀቱ ከእንፋሎቱ ጋራ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ሳይጋገርበት እርጥብ ቦታ የተቀመጠ ምጣድ ደግሞ ውሃ ይመጣል፤ ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ሸክላው አይግልም።

ሦስተኛው ዓይነት በአንድ ወገን ብቻ የሚግለው ነው። እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሽቦው አንድ ወጥ ከሆነ በየትም ቦታ ቢበጠስ ምጣዱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል እንጂ በግማሽ አይግልም። ስለዚህ ግማሹ ብቻ ከጋለ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ምጣዱ ሁለት ሽቦ ያለው ሆኖ አንደኛው ተበጥሷል፣ ወይም በቀዝቃዛው ወገን ሽቦው ከሸክላው ርቋል፣ ወይም በዚያ በኩል ቍጥርጥሮቹ ተነካክተው ኮረንቲው ያንን ክፍል ዘሎታል። የመጨረሻው የከፋ ነው፤ ሽቦው ያጠረ ያህል ስለሚሆን የቀረው ክፍል ከመጠን በላይ ይግላል፣ ቶሎም ይበጠሳል። ምጣዱም ጨርሶ የተስተካከለ ቦታ ላይ ካልተቀመጠ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይፈሳል፤ የወፈረው ወገን ሳይበስል ሲቀር ሙቀት የጎደለ ያስመስላል።

የተበጠሰውን ሽቦ ጠምዝዞ ስለ ማያያዝም እንናገር። የተጠመዘዘው ቦታ በደንብ ስለማይነካካ ከሌላው አብልጦ ይግላል፤ አየሩም ይበላዋል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥም በዚያው ይበጠሳል። አንዳንዱ ደግሞ የተቃጠለውን ክፍል ቈርጦ ጥሎ የቀረውን ያገናኛል። ከርዝመቱ ከአሥር አንዱ ቢቈረጥ ተቃውሞው ወደ 12 ኦም ተኩል ይወርዳል፤ ኮረንቲው ወደ 18 አምፔር ይጠጋል፤ ኀይሉም ወደ 3,900 ዋት ይወጣል። ባለቤቱ «ከበፊቱ የበለጠ ጋለ» ብሎ ይደሰታል፤ ነገር ግን ለ16 አምፔር የተሠራው ሶኬት ተጨንቋል፣ ሽቦውም ዕድሜው አጥሯል። የተበጠሰ ሽቦ ዋትና ርዝመቱ ተገቢ በሆነ አዲስ ሽቦ ይተካል እንጂ አይቀጠልም።

ከሁሉ የሚያስፈራው የተሰነጠቀ ሸክላ ነው። በስንጥቁ በኩል ሊጥና ውሃ እስከ ሽቦው ይወርዳል፤ እርጥቡ ነገርም ኮረንቲውን ወደ ላይና ወደ ቆርቆሮው ያመጣዋል። ጋጋሪዪቱ በእርጥብ እጅ፣ አንዳንዴም በባዶ እግር ስለምትሠራ ኮረንቲው በእርሷ በኩል ወደ ምድር ለመሄድ መንገድ ያገኛል። «ትንሽ ይነዝራል እንጂ ምንም አይል» ማለት በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ዕጣ መጣል ነው። ከቆርቆሮው ጋራ ተያይዞ ወደ መሬት የሚወርደው ሦስተኛው ሽቦ የተፈጠረው ለዚሁ ነው፤ ኮረንቲው ወደ ሰው ከመሄድ ይልቅ በእርሱ በኩል እንዲሄድና ብሬከሩ እንዲወድቅ ያደርጋል። ይህ ሽቦ የሌለው ወይም ተቈርጦ የተጣለ ምጣድ፣ ጥሩ ቢጋግርም የታመመ ምጣድ ነው።

የምርመራው ወሰን የት እንደ ሆነም መታወቅ አለበት። መጠየቅ፣ ማየት፣ ሰዓት መያዝ፣ ሶኬቱን በመብራት መሞከር፣ ተነቅሎ ሳለ መለካት የማናቸውም የተማረ ሰው ሥራ ነው። የግድግዳውን መስመር መክፈት፣ ሶኬትና ብሬከር መለወጥ፣ አዲስ ሽቦ መዘርጋት ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን የአገልግሎቱ ሠራተኛ ካልሆነ በቀር ማንም ሊነካው አይገባም። ለባለሙያው «ተበላሽቷል» ብቻ ከማለት «ሶኬቱ ይሠራል፤ ሽቦው ምንም ግንኙነት የለውም፤ ትናንት ማታ ድንገት ጠፋ» ብለን ብንነግረው፣ ድካሙም ዋጋውም ይቀንሳል፤ ያልተበላሸውንም አበላሽቶ የሚያስከፍል ቢኖር እንኳ ከሚያውቅ ሰው ጋራ መገናኘቱን ያስተውላል።

«ይህ የጓዳ ጉዳይ ነው፤ የተማረ ወጣት ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሳችን አጭር ነው። እንጀራውን ሁሉም ይበላል፤ አደጋው ግን በአንዲት ሰው ላይ ብቻ ይወድቃል። ከማዕዱ ተካፋይ የሆነ ሁሉ ከጥንቃቄውም መካፈል ይገባዋል። «ባለሙያ እያለ ለምን እንደክማለን?» የሚልም ይኖራል፤ ባለሙያ የሚጠራው ግን ገንዘብ ያለውና ነገሩ እንደሚያሰጋ ያወቀ ሰው ነው። አደጋውን የማያውቅ ሰው ባለሙያ አይጠራም፤ በፒንሳ ጠምዝዞ ይቀጥላል።

በየቢሮው ለተቀመጡት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም አንድ ቃል አለን። አንድ ጉዳይ ሲዘገይ በቅርብ የተገኘውን መዝገብ ቤት ወይም ተላላኪ መውቀስ፣ ምጣድ አልግል ሲል ጋጋሪዪቱን እንደ መቈጣት ነው። ጉዳዩ ከገባበት እስከሚወጣበት ደረጃ በደረጃ ቢከታተሉት የላላው ብሎን ይገኛል። ከዚህም በቀር የደረጃና የንግድ ቍጥጥር ሥራ በእጃቸው ያለ ወጣቶች፣ የሚሸጥ ምጣድ ሁሉ ቮልቱና ዋቱ፣ የሽቦው ኦም፣ የሚያስፈልገው የገመድ ውፍረት በቆርቆሮው ላይ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ እንዲጻፍበት፣ የመሬት ሽቦ የሌለውም እንዳይሸጥ ቢተጉ፣ ብዙ ቤት ከሐዘን ይድናል። መምህራንም የኦምን ሕግ ሲያስተምሩ፣ በሰሌዳ ላይ ከሚሣለው መስመር ጋራ አንድ አሮጌ ምጣድ ገልብጠው ቢያሳዩ፣ ተማሪው ትምህርቱን ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል።

አባቶቻችን ለምጣዱ ሲሉ አይጧን አሳለፉ። እኛ ደግሞ ለጋጋሪዪቱ ስንል ችኰላችንን እናሳልፍ። የምጣዱ ተሰኪ ይነቀል፤ የሚጠየቀው ይጠየቅ፤ የሚለካው ይለካ፤ የማይቻለው ለሚችል ይሰጥ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጥቂት ትዕግሥትና በትምህርት ቤት የተገኘችው ያች ትንሽ ቀመር ናቸው።